ከወሎ ሰፈር እስከ ምጽዋ፤ የባሕሩ ጨዋታ የማን ነበር?

ነገሩን በጥያቄ ልጀምረው፤ ዋና ትችላላችሁ?

ይህን ጥያቄ ባለፈው ሰሞን በመኝታ ክፍላችን አነሣሁት። አንዱ ጓደኛችን ከጎረቤት አገር የመጣ የአንዲት የባሕር ጠረፍ ከተማ ማስታወቂያ ይዞ ገብቶ ነበር። ወረቀቱ ወደዚያች ከተማ በእንግድነት ለሚሄድ ሰው የተዘጋጀውን ጨዋታ ይዘረዝራል፤ ዋና፣ ቀዘፋ፣ ጠልቆ ዓሣ ማየት፣ በአሸዋ ላይ ኳስ መምታት። ስምንት ልጆች ነን። ከስምንታችን ዋና የሚችለው አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ እሱም የባሕር ዳር ልጅ ነው። የቀረነው ተሳሳቅንና ነገሩን ተውነው። ሌሊት ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የባሕር ጠረፍ ከተማ እኮ በአባቶቻችን ዘመን ነበረን! ምጽዋና አሰብ በትምህርት ቤት ካርታ ላይ የኢትዮጵያ ወደቦች ተብለው ይጠኑ ነበር። ባሕሩ ከነበረ ታዲያ ጨዋታው የት ሄደ? ለመሆኑስ የማን ነበር? ይህች አጭር ጽሑፍ ይህንን ለመመርመር የምትሞክር ናት። ዓመተ ምሕረቱ በኛ አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጅ በሆነበት ቦታ ምልክት አድርጌበታለሁ።

የተወለድኩት ወሎ ሰፈር ነው። ሰፈራችን ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ የሚወርደው መንገድና ከጎተራ የሚመጣው የኢትዮ ቻይና መንገድ የሚገናኙበት ነው። ውኃ የምናየው በክረምት ጎርፍ ሲሆን ብቻ ነው። ስማችን ግን ወሎን ይጠራል፤ ወሎ ደግሞ ከውኃ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ከደሴ በስተ ሰሜን ሐይቅ አለ፤ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኝበት። «ሐይቅ» የሚለው ቃል ራሱ በግዕዝ የባሕር ዳርቻ ማለትም ይሆናል። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ አሰብ የሚደርሰውን መንገድ ጣሊያን በወረራው ጊዜ ሠራው፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ዕቃና ነዳጅ በዚያው ሲጋዝ ኖረ። በ1967 እ.ኤ.አ. አሰብ ላይ የነዳጅ ማጣሪያ ተከፈተ። እንግዲህ የወሎ ሰው ባሕሩን አያውቀውም ማለት አይቻልም። የሚያውቀው ግን ከከባድ መኪና ጋቢና ሆኖ ነው። ሾፌሩና ረዳቱ ባሕሩ አፍ ድረስ ይወርዳሉ፤ ይጭናሉ፤ ይመለሳሉ።

አንዳንድ ሰዎች ደገኛ ባሕር አይወድም፣ ቆላውን ይፈራል፣ ነገሩ ይኼው ነው ይላሉ። ፍርሃቱስ እውነት ነው። እናቶቻችን ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እያሉ ነው ያሳደጉን። ይሁን እንጂ ደገኛው ጨው ፍለጋ ከባሕር ወለል በታች ወዳለው የአፋር ረባዳ ሲወርድ ኖሯል። ኢየሩሳሌም ሊሳለም የተነሣው መነኩሴም በምጽዋ ወይም በሱዋኪን በኩል መርከብ ላይ ይወጣ ነበር። ጥቅምና እምነት ሲጠራው የወረደ ሕዝብ ጨዋታ ቢጠራው የማይወርድበት ምክንያት አይታየኝም። ማን ጠራውና?

እስቲ ምጽዋን እንያት። ከተማዋ በሁለት ደሴቶችና በየብሱ ላይ የተሠራች ናት። ደሴቶቹ ምጽዋና ጥዋለት ይባላሉ። ከየብሱ ጋር ያገናኛቸው የድንጋይ መሻገሪያ በ19ኛው መቶ ዓመት በግብፆች ዘመን፣ ሙንዚንገር በተባለ ስዊዛዊ ገዥ የተሠራ ነው። ቱርኮች በ1557 እ.ኤ.አ. ያዟት፤ ከነሱ ግብፆች ተረከቡ፤ በ1877 ዓ.ም. ደግሞ ጣሊያን ገባባት። የዓመቱ አማካይ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ በበጋቸው ወራት ከ40 ያልፋል። ፊት ለፊቷ ከመቶ በላይ የሆኑት የዳህላክ ደሴቶች ተበትነዋል።

በዚህ ውኃ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ ጠልቆ የገባው ጎብኚ አልነበረም። ዕንቁ ፈላጊው ነው። የዳህላክ ዕንቁ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሲሆን የሚያወጣው ሰው ያለ አየር ዕቃ፣ በትንፋሹ ብቻ ወርዶ ዛጎሉን ለቅሞ ይወጣ ነበር። ዕንቁው በምጽዋ ነጋዴዎች እጅ አልፎ ባሕር ማዶ ሲሸጥ፣ ጠላቂው የጀልባው ባለቤት ባለ ዕዳ እንደሆነ ይቀራል። በኋላም ጃፓኖች ዕንቁን በእርባታ ማምረት ሲጀምሩ ንግዱ ወደቀ። ከነዚሁ ደሴቶች አንዷ ኖክራ ትባላለች፤ ጣሊያኖች የእስረኛ ደሴት አደረጓት። ዛሬ ጎብኚ ከፍሎ ሊያየው የሚመኘው ጥርት ያለ ውኃ ለዚያ እስረኛ የወኅኒ አጥር ነበር። ልብ በሉ፤ ውኃው ያው አንድ ውኃ ነው።

ጨዋታው የመጣው ከባቡሩ ጋር ነው ለማለት ይቻላል። ከምጽዋ አሥመራ 118 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የባቡር ሐዲድ በ1904 ዓ.ም. አሥመራ ገባ። ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ መውጣት ቀላል ሥራ አይደለም፤ ሠራተኛውም ማን እንደነበር መናገር አያሻም። ሐዲዱ ካለቀ በኋላ ግን በደጋው የሚኖረው ጣሊያን በቀዝቃዛው ወራት ወደ ሞቃቱ ባሕር መውረድ ቻለ። ጉርጉሱም የሚባለው፣ ከከተማዋ በስተ ሰሜን ያለው አሸዋማ ዳርቻ፣ የዋናተኛና የፀሐይ ሟቂ ቦታ ሆነ። በከተማዋ ፊት ለፊት ያለችው ትንሿ ሸኽ ሰዒድ ደሴት ደግሞ የቀን መዝናኛ ሆነች።

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቀላቀል ባሕሩ ወደ ቤተ መንግሥቱ ቀረበ። በዚያው ሰሞን፣ በ1952 እና በ1953 እ.ኤ.አ.፣ የጣሊያን ጠላቂዎች ቡድን ወደ ዳህላክ መጥቶ ከባሕር በታች ያለውን ዓለም በቀለም ፊልም አነሣ። ፎልኮ ኩዊሊቺ ያዘጋጀው ይኸው ፊልም «ስድስተኛው አህጉር» በሚል ስም በ1954 እ.ኤ.አ. ወጣ። የአውሮፓ ተመልካች የዳህላክን ዓሣና ዛጎል በሲኒማ ቁጭ ብሎ ያየው እንግዲህ ያን ጊዜ ነው። የመንዝ ወይም የቦረና ገበሬ ልጅ ያ ባሕር የአገርህ ነው ከመባል በቀር አንድም ቀን አላየውም። አሥመራ በሚገኘው ቃኘው ጣቢያ የነበሩት የአሜሪካ ወታደሮችም ምጽዋ ላይ የራሳቸው ማረፊያ ነበራቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥዋለት ላይ ባለው በጥንቱ ገዥዎች ቤተ መንግሥት ይሰነብቱ ነበር። በ1950ዎቹ የተቋቋመው የቱሪስት ድርጅት፣ በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት፣ አገሪቱን «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» ብሎ ለዓለም አስተዋወቃት። የሚጠራው እንግዳ ግን የውጭ አገር ሰው ነበር። የአገሬውን ተማሪ ና ዋኝ ያለው ማስታወቂያ እስካሁን አልገጠመኝም።

ፍትሐዊ ለመሆን ግን አንድ በር ተከፍቶ እንደነበር መመስከር ይገባል። እሱም የባሕር ኀይል ነው። ኀይሉ በ1955 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት በስልጠናው የኖርዌይ መኮንኖች ረዱ። ዋና ሰፈሩ ምጽዋ፣ የመኮንኖች ትምህርት ቤቱ አሥመራ ሆነ። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተገኘችው «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ የኀይሉ ትልቋ መርከብ ነበረች። በየዓመቱ የባሕር ኀይል ቀን ሲከበር የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የሶቪየት ኅብረት የጦር መርከቦች ምጽዋ መጥተው ጎን ለጎን ይቆሙ ነበር። በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል የዚህ ዓይነት ስብሰባ በቀላሉ አይገኝም! ያን ሰሞን በባሕረኞች መካከል የስፖርት ግጥሚያም ይደረግ ነበር። የደጋ ልጅ፣ ምናልባት ከአንድ ወንዝ በቀር ሌላ ውኃ ያላየ፣ ከነዚህ ጋር ሊወዳደር ወረደ ማለት ነው።

በሰፈራችን አንድ የቀድሞ ባሕረኛ አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ስለዚህ ጽሑፍ ላነጋግራቸው ስሄድ በራቸው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ከደጋ አገር ተመልምለው ሲሄዱ ዋና የሚባል ነገር እንደማያውቁ፣ ውኃው ውስጥ በመጀመሪያው ቀን ያለቀሱ መሆናቸውን፣ በስድስተኛው ወር ግን ከውኃው ውጡ ሲባሉ የሚያኮርፉ እሳቸው እንደሆኑ ነገሩኝ። ከዚያ ወዲያ ደገኛ ባሕር አይወድም የሚለውን ነገር አላምንበትም። ደገኛው ያጣው ባሕሩ ውስጥ በትዕግሥት የሚያስገባውን ሰው ነው። እኔም ቀጥዬ ጋሼ፣ ወደ አዲስ አበባ ከመጡ ወዲህስ የት ይዋኛሉ ብዬ ጠየቅኋቸው። ዝም አሉ። ቆይተው በ1983 መጥተው እዚህ ሰፈር ከገቡ ወዲህ ውኃ ውስጥ ገብተው እንደማያውቁ ተናገሩ። መዋኛ ያለው ሆቴል ውስጥ ነው፤ የሆቴል በር ላይ ደግሞ ዘበኛ አለ። ባሕር ላይ ያረጀ ሰው መሬት ላይ ደረቀ።

ምጽዋ እንዴት እንዳበቃች ታሪኩን ሁላችንም በየቤታችን ሰምተናል። በ1970 ዓ.ም. በሰሊና ጨው ሜዳ የተደረገው ውጊያ፣ በኋላም ከየካቲት 1 እስከ 3 ቀን 1982 ዓ.ም. ሻዕቢያ ከተማዋን የያዘበት ጦርነት ብዙ ሕይወት በላ። ከተማዋ በውጊያውም፣ ከዚያ በኋላ ከአየር በወረደባት ቦምብም ፈራረሰች፤ የጥዋለት ቤተ መንግሥትም ጉልላቱ ተበሳ። በግንቦት 1983 «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ ወደ የመን ሸሸች። በ1985 ዓ.ም. የኤርትራ ሕዝብ በድምፁ ነጻ መንግሥት ሆነ። ሐዲዱንም የኤርትራ ሠራተኞች ከጊዜ በኋላ እንደገና ዘርግተውታል። የባሕሩ ባለቤት ዛሬ የዳርቻው ሕዝብ ነው፤ እኔም ይህን ጽሑፍ የወደብ ክርክር ለመክፈት አልጻፍኩትም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ባሕሩ በእጃችን ነው ይባል በነበረበት ዘመን እንኳ ዳርቻው ላይ የሚጫወተው እንግዳና መኮንን ነበር። የወደቡ ኩሊ ጆንያ ተሸክሞ በአጠገቡ ያልፋል። ስለዚህ አብዛኞቻችን በ1983 ያጣነው ጨዋታ ቀድሞም ያልነበረንን ነው።

ከዚህ ተነሥተን ወደ ከተማችን እንመለስ። አዲስ አበባን የቆረቆሯት እኮ ገላ ለመታጠብ የወረዱ ሰዎች ናቸው። እንጦጦ ብርድ ነው፤ ማገዶውም እያለቀ ነበር። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ሰዎች ወደ ፍል ውኃው እየወረዱ ይሰነብቱ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደዱት፤ ቤት ተሠራ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተባለ። በሌላ አነጋገር ዋና ከተማችን መጀመሪያዋ የመዝናኛ ሰፈር ነው። ያ ፍል ውኃ ያለው ዛሬ ቂርቆስ በምንለው አካባቢ፣ ከሰፈራችን በእግር በሚደረስበት ቦታ ነው።

ከጊዜ በኋላ በዚያው አካባቢ ሆቴሎች ተነሡ። ግዮን ሆቴል ሰፊ መዋኛ ነበረው። በ1969 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሒልተን ደግሞ በላሊበላው የቤተ ጊዮርጊስ መስቀል ቅርጽ የተሠራና በፍል ውኃ የሚሞላ መዋኛ አቆመ። ሐሳቡ ያምራል፤ የሚካድ አይደለም። ከመሬታችን የፈለቀ ውኃ፣ ከቅርሳችን የተቀዳ ቅርጽ። የሚዋኝበት ግን ያው የጥዋለቱ ዓይነት ሰው ሆነ፤ እንግዳና ገንዘብ ያለው። ሌላው የከተማ ሰው ዋና ሲያምረው ወደ ሶደሬ፣ ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች ይወርዳል። ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪና ለሌለው ተማሪ ከዚያ ይልቅ ምጽዋ በሕልም ይቀርበዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልድረስ። ሩጫና ዋናን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶን ሲያሸንፍ፣ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን አሠልጥኖታል። ማለትም አሠልጣኝና ጊዜ አግኝቷል። ከሱ በኋላ የመጡት ልጆች ግን በመጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው መንገድ ብቻ ነበር። መንገዱ ደግሞ በር የለውም፤ ዘበኛ የለውም። በመስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ንጋት ላይ ብትሄዱ ይኸው ታያላችሁ፤ ሹሙም ሥራ ፈቱም ላብ በላብ ሆነው አንድ ላይ ይሮጣሉ። በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ ከዚህ አደባባይ የተነሣው ያለ ነገር አይደለም። አሁን ደግሞ ከአደባባዩ እስከ ቦሌ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተዘርግቷል፤ የኛም ሰፈር ልጆች ማታ ማታ ይንሸራሸሩበታል። የተከፈተ ቦታ ሰው ያፈራል።

ውኃውስ? በሪዮ ኦሊምፒክ ነሐሴ 3 ቀን 2008 ዓ.ም. ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትር በነጻ ቀዘፋ በ1 ደቂቃ ከ04.95 ሰከንድ ዋኝቶ ከ59 ተወዳዳሪዎች መጨረሻ ወጣ። ዓለም ሳቀበት፤ እኛም ሳቅን፤ ስለ አመራረጡም ብዙ ተባለ። በሦስተኛው ቀን፣ ነሐሴ 6፣ አልማዝ አያና በ10,000 ሜትር 29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። አንድ አገር፣ አንድ ሳምንት፣ አንድ ሰንደቅ ዓላማ! ስለ ከፍታው አየርና ስለ እግራችን ቅጥነት ሳይንሱ የሚለውን ይበል፤ እሱን ለሕክምና ፋኩልቲ ጓደኞቼ ትቼላቸዋለሁ። እኔ የሚታየኝ ግን ይኼ ነው። አንደኛው ጨዋታ ለሁሉም ክፍት በሆነ መሬት ላይ አደገ፤ ሁለተኛው ከአጥር ኋላ ቀረ። በዚያ ልጅ ላይ ስንስቅ የሳቅነው በራሳችን አጥር ላይ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሁሉ ለምን ትነግረናለህ፣ ስንት ችግር እያለ ስለ ዋና ታወራለህ ትለኝ ይሆናል። ተገቢ ነው። መልሴ አንድ ነው። በየክረምቱ ወንዝ ሲሞላ፣ ድንጋይ የተፈለጠበት ጉድጓድ ውኃ ሲይዝ፣ ልጆች ይገቡበታል። ልጅ ውኃ ሲያይ መግባቱ አይቀርም፤ ይህ ከፈረንጅ የተማረው አይደለም። ሁሉም ግን አይወጡም። የነዚያ እናቶች ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ቢሉ አይፈረድባቸውም። ፍርሃቱ የመጣው ካለማወቅ ነው፤ አለማወቁ የመጣው ከአጥሩ ነው። ስለዚህ ዋና ለኛ የቅንጦት ነገር ተብሎ የሚተው አይደለም፤ ሕይወት የሚያተርፍ ትምህርት ነው።

ምጽዋ ያስተማረችን ይህንን ነው ብዬ አምናለሁ። የባሕር ዳርቻ መኖሩ ብቻ ሕዝብን ዋናተኛ አያደርገውም፤ እንግዳን ማስደሰትም ብቻውን ስፖርት አያስፋፋም። ለእንግዳ የተነጠፈው ምንጣፍ ላይ የቤቱ ልጅ ካልተቀመጠ፣ እንግዳው ሲሄድ ምንጣፉም ይጠቀለላል። በየክፍለ ከተማው አንድ መዋኛ፣ ተማሪ በሚችለው ዋጋ፣ ከአንድ ታጋሽ አስተማሪ ጋር ቢኖር ምን ያህል ነገር ይለወጥ ነበር!

እስከዚያው እኛ ስምንታችን አንድ ነገር ተስማምተናል። የባሕር ዳሩ ጓደኛችን የምናውቀውን እናስተምር ብሏል፤ ገንዘብ አዋጥተን በፋሲካ ዕረፍት ቢሾፍቱ እንወርዳለን። ለጋሼ ስነግራቸው ወዲያው አልመለሱልኝም። ከድንጋዩ ላይ ሳይነሡ ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው አየሩን ቀስ አድርገው ቀዘፉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። ትንፋሽ የሚወሰድበትን ጊዜ በአንገታቸው አሳዩኝ። ከዚያ መኪናው ስንት ሰው ይይዛል ብለው ጠየቁኝ።

ዘጠኝ ሆነን እንሄዳለን።